ቁልፉ በማን እጅ ነበር? ስለ እንግሊዝ ግንቦች ኮንስታብል

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ስለ መካከለኛው ዘመን እንግሊዝ ባነበብኩ ቁጥር ‹ኮንስታብል› የሚባል ሹም ይገጥመኛል። አንዴ የንጉሡ ጦር አዛዥ ነው፣ አንዴ የአንድ ግንብ ኃላፊ፣ አንዴ የገጠር ሰላም አስከባሪ። እኛ አገር ደግሞ ኮንስታብል ማለት የፖሊስ የመጀመሪያው ማዕረግ ነው። ይህ ሁሉ አንድ ሹመት ነው ወይ? የግንቡ ኮንስታብልስ በር ከመጠበቅ ያለፈ ምን ሥራ ነበረው?»

ስሙ አንድ ነው፤ ሹመቱ ግን ሦስት ነው። ሦስቱም ከአንድ ግንድ ወጥተው ለየብቻ ያደጉ ናቸው። ይበልጥ የጠየቁት ስለ ግንቡ ስለሆነ እሱ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። የእንግሊዝ ነገሥታት አቅም ልኩ የሚታወቀው ግንቦቻቸው በር ላይ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ለተማሪዎቼም ዘወትር የምለው ይህንኑ ነው። ዓመቶቹን በሙሉ የጻፍኩት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ቃሉ የመጣው ከፈረስ ቤት ነው። በላቲን «ኮሜስ ስታቡሊ» ይባላል፣ የፈረስ ቤት አለቃ ማለት ነው። በሮም መንግሥት የመጨረሻ ዘመናት የንጉሠ ነገሥቱን ፈረሶች የሚያስተዳድር ሹም ነበር። ከሮም ፍራንኮች ወረሱት፣ ከፍራንኮች ኖርማኖች፤ ኖርማኖችም በ1066 እንግሊዝን ሲይዙ ይዘውት ተሻገሩ። የእኛን ማዕረጎች ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም፤ ባልደራስ የሚለው ሹመትም የፈረስ ቤቱንና የፈረሰኛውን አለቅነት አንድ ላይ የያዘ ነው። ጦርነት በፈረስ በሚዋጉበት ዘመን ፈረሱን የያዘ ሰው ጦሩንም መያዙ አይቀርም።

የመጀመሪያው ቅርንጫፍ በንጉሡ ቤት ውስጥ የቀረው ነው፤ ታላቁ ኮንስታብል እንበለው። ማርሻል ከሚባለው ከሌላው የጦር ሹም ጋር ሆኖ የንጉሡን ሠራዊት ይሰበስባል፣ የመጣውን ይቆጥራል፣ ሥርዓት ያስይዛል። በ12ኛው መቶ ዓመት የግሎስተሩ ማይልስ ይዞት ነበር፤ ከእሱ በጋብቻ ወደ ቦሁን ቤተሰብ ተላለፈና የዘር ርስት ሆነ። የዘር ርስት የሆነ ሹመት ለንጉሡ ምን ያህል እንደሚያስቸግር በ1297 ታየ። ኤድዋርድ 1ኛ ባሕር ተሻግሮ ለመዋጋት ሠራዊት ጠርቶ፣ ኮንስታብሉን ሀምፍሪ ደ ቦሁንንና ማርሻሉን ሮጀር ባይጎድን የመጣውን ሰው መዝግቡ ቢላቸው እምቢ አሉት። ሹመቱ እስከ 1521 ዘለቀ። በዚያ ዓመት የበኪንግሃም መስፍን ኤድዋርድ ስታፎርድ በሄንሪ 8ኛ ዘመን አንገቱ ተቆረጠ፣ ሹመቱም ከእሱ ጋር አከተመ። ከዚያ ወዲህ የሚነሳው ለንግሥ በዓል ዕለት ብቻ ነው፤ በ2023 ቻርልስ 3ኛ ዘውድ ሲጭኑም ለአንድ ቀን ተሹሞበታል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ቅርንጫፍ፣ ወደ ግንቡ እንምጣ።

የዘመኑ ንጉሥ መንገደኛ ነው። ንጉሥ ጆን ለምሳሌ በአንድ ቦታ ከጥቂት ቀናት በላይ የሚቆየው ከስንት አንዴ ነበር፤ ግምጃውም፣ ጸሐፊውም፣ ወጥ ቤቱም በጋሪ ይከተሉታል። ግንቦቹ ግን ካሉበት አይነቃነቁም። ዶቨር ከፈረንሳይ ፊት ለፊት ባሕሩ ዳር ላይ ነው፣ ሊንከን በሰሜን ምሥራቅ መንገድ ላይ፣ ዊንዘር በቴምዝ ወንዝ አጠገብ (የእኛ ልዑል ዓለማየሁ ያረፈበት ጸሎት ቤት የሚገኘው በዚሁ ግንብ ቅጥር ውስጥ ነው)። ንጉሡ በሌለበት ሁሉ ግንቡን ንጉሥ ሆኖ የሚይዘው ሰው ኮንስታብሉ ነው። ስለዚህ ሹመቱ ከሥሩ አደራ ነው። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ንጉሡ ተመልሶ በሩን ሲያንኳኳ ይከፈትለታል ወይ?

ርክክቡን ቀረብ ብለን ብናየው ይህ ፍርሃት በግልጽ ይታያል። አዲስ ኮንስታብል ሲሾም አንድ ደብዳቤ አይበቃም። ለተሿሚው ሹመቱን የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይጻፋል፤ ብዙውን ጊዜም «ደስ እስካለን ድረስ» የሚል ሐረግ ይገባበታል፣ ማለትም ንጉሡ ባሰኘው ቀን ይሽረዋል። ለተሻሪው ደግሞ ግንቡን አስረክብ የሚል ሌላ ደብዳቤ ይሄዳል። ለአካባቢው ባላባቶችና ባለርስቶችም ለአዲሱ ታዘዙ የሚል ሦስተኛ ደብዳቤ ይደርሳቸዋል። ቀጥሎ ቆጠራ ነው። እህል፣ ወይን ጠጅ፣ በጨው የደረቀ ሥጋ፣ ቀስት፣ የእጅ ወፍጮ፣ የእስረኛ እግር ብረት ሳይቀር ይቆጠራል። ዝርዝሩ በአንድ ብራና ላይ ሁለት ጊዜ ይጻፍና መካከሉ እንደ መጋዝ ጥርስ ወጣ ገባ እየተደረገ ይቆረጣል። አንዱን ቁራጭ ተረካቢው፣ ሌላውን አስረካቢው ይይዛል። በኋላ ክርክር ቢነሳ ሁለቱ ቁራጮች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ጥርስ ከጥርስ ካልገጠመ አንዱ ሐሰተኛ ነው።

ገንዘቡም እንዲሁ ዓይን ነበረበት። ግድግዳ ለማደስ ወይም ጣሪያ ለመቀየር ወጪ ሲፈቀድ ሥራውን ሁለት የታመኑ ሰዎች አይተው እንዲመሰክሩ ይታዘዛል፤ ሒሳቡ በንጉሡ ግምጃ ቤት ሹሞች ፊት የሚወራረደው ምስክርነቱ ሲኖር ነው።

ታዲያ ኮንስታብሉ በምን ይኖራል? እዚህ ላይ ኮንዊን ምሳሌ አድርጌ ባሳይ ይሻላል። ኤድዋርድ 1ኛ ሰሜን ዌልስን ድል አድርጎ ካስገነባቸው ግንቦች አንዱ ነው። በ1284 ኮንስታብል ሆኖ የተሾመው ዊሊያም ደ ሲኮን በዓመት 190 ፓውንድ ተቆረጠለት። ይህ ደመወዙ ብቻ እንዳይመስልዎት። ከዚሁ ገንዘብ 30 ሰው ማቆየት አለበት፦ 15 መስቀለኛ ቀስት ተኳሾች፣ አንድ ቄስ፣ አንድ የጦር መሣሪያ ሠራተኛ፣ አንድ አናጺ፣ አንድ ግንበኛ፣ አንድ ብረት ቀጥቃጭ፣ የቀሩት በረኞች፣ ዘበኞችና አገልጋዮች። በዛሬ አነጋገር ኮንስታብሉ ኮንትራት ወሳጅ ነው። ሰው ባጎደለ ቁጥር የሚቆጥበው ለራሱ ይሆናል። ሰው እንዳያጎድል ቁጥሩ በትእዛዙ ውስጥ ተለይቶ የተጻፈውም ለዚህ ይመስለኛል።

ከዚህ ላይ ሌሎች ሥራዎች ይደረባሉ። በዌልስ በእነ ኮንዊና በእነ ካርናርፎን ኮንስታብሉ የከተማው ከንቲባም ነበር። በዊንዘር ዙሪያ ያለው የንጉሡ ደን በእሱ ሥር ነው። የብዙ አውራጃ እስር ቤትም በግንብ ውስጥ ስለሆነ እስረኛ ሲያመልጥ የሚጠየቀው እሱ ነው። በ1101 የለንደን ታወር (በከተማው ያለው የንጉሡ ግንብ) እስረኛ የነበረው ጳጳስ ራኑልፍ ፍላምባርድ በወይን ዕቃ ውስጥ ተደብቆ በገባለት ገመድ፣ ጠባቂዎቹን አስክሮ በመስኮት ወረደ። ታወሩን የያዘው ዊሊያም ደ ማንድቪል ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ሦስት ትልልቅ ርስቶቹን ተነጠቀ፤ የታሪክ ጸሐፊዎች ሁለቱን ነገር ያያይዟቸዋል። ልጁ ጄፍሪ ደግሞ በእስጢፋኖስና በማቲልዳ የዙፋን ጦርነት ጊዜ ታወሩን በእጁ ይዞ ከሁለቱም ወገን መሬትና ማዕረግ እያስጨመረ ቆየ። በ1143 እስጢፋኖስ አስሮ ታወሩን እስኪያስረክበው ድረስ ማለት ነው። በዓመቱ ሸፍቶ ሲዋጋ በፍላጻ ተመቶ ሞተ።

ይህ ሁሉ ከንጉሡ ወገን ሲታይ ነው። ከግንቡ ግድግዳ ውጭ ለሚኖረው ገበሬና ነጋዴ ኮንስታብል ማለት ሌላ ነገር ነበር፦ እህሉን የሚወስድበት ሰው። ግንብ ከበባ እንዲችል ጎተራው ሙሉ መሆን አለበት፤ ኮንስታብሉም በንጉሡ ስም ከአካባቢው ይወስዳል፣ «ይከፈልሃል» ይላል፣ ክፍያው ግን ይዘገያል ወይም ጭራሹን ይቀራል። የ1215ቱን ማግና ካርታ (ንጉሥ ጆን ባሮኖቹ፣ ማለትም ታላላቅ መኳንንቱ፣ አስገድደውት የሰጠውን የመብት ቻርተር) ሰዎች የሚያነሱት ስለ ፍርድና ስለ ነጻነት ባለው አንቀጽ ነው። እኔ ግን ለተማሪዎቼ በቅድሚያ የማስነብባቸው 28ኛውን ነው። ማንም ኮንስታብል የማንንም እህል ወይም ንብረት እዚያው በገንዘብ ሳይከፍል እንዳይወስድ ይላል፤ ባለንብረቱ ራሱ ወዶ የመክፈያ ቀን ከሰጠ ብቻ ክፍያው ይቆይ። በተከታዩ ዓመት ቻርተሩ ሲታደስ ይህች አንቀጽ ላላች። ግንቡ ባለበት መንደር ለሚኖር ሰው ኮንስታብሉ በሦስት ሳምንት ውስጥ እንዲከፍል ተፈቀደ፣ በ1217 ደግሞ ወደ 40 ቀን ተራዘመ። ለምን እንደላላች መገመት አያዳግትም፤ አገሩ በጦርነት ላይ ነበር፣ የንጉሡ ወገንም ግንቦቹን መመገብ ነበረበት። ከግንቡ ጥላ ሥር ያለው ድሃ ዕዳውን ተሸከመ።

29ኛውም ስለ ኮንስታብሉ ነው። ብዙ ባላባቶች መሬት የያዙት በዓመት የተወሰነ ቀን በንጉሡ ግንብ ዘብ ሊቆሙ ነው። ኮንስታብሎች ግን ሰውየው ራሱ ሊቆም እየፈለገ በግድ ገንዘብ ያስከፍሉት ነበር፣ በገንዘቡ ቅጥረኛ መግዛት ስለሚቀላቸው። አንቀጹ ይህን ከለከለ። ባላባቱ ራሱ ወይም በበቂ ምክንያት ታማኝ ወኪሉ ዘብ ከቆመ ገንዘብ አይጠየቅም፤ ንጉሡ ለዘመቻ ከወሰደውም ለዚያ ያህል ጊዜ ከዘብ ነጻ ይሆናል። 45ኛው ደግሞ ንጉሡ ዳኛም፣ ኮንስታብልም፣ ሸሪፍም (የአውራጃ ገዥም) ሲሾም የአገሩን ሕግ የሚያውቅና ሊጠብቀው የሚወድ ሰው ብቻ እንዲሾም ያስገድዳል። ኮንስታብሉ ከዳኛው እኩል ተቆጥሮ መጠራቱን ልብ ይበሉ።

በዚያው በ1215 መጸው ጆንና ባሮኖቹ ተጣሉ፣ ጦርነቱም ተጀመረ። የአንድ ቁልፍ ዋጋ ስንት እንደሆነ በሮቸስተር ታየ። የግንቡ ኃላፊ ሬጂናልድ ኦቭ ኮርንሂል በሩን ለዓማፅያን ከፈተ። ጆን መልሶ ለመያዝ ሰባት ሳምንት ያህል ፈጀበት። የግንቡን መሠረት ሥር ሥሩን አስቆፍሮ፣ ዋሻውን በእንጨት አስደግፎ፣ ለመብላት የማይጥሙ የሰቡ 40 አሳማዎች እንዲላኩለት ጻፈ፤ ስባቸው እሳቱን እንዲያበረታ ነው። እንጨቱ ሲነድ የታላቁ ግንብ አንድ ማዕዘን ተናደ። ዛሬ ሮቸስተርን የሚጎበኝ ሰው ሦስቱ ማማዎች አራት ማዕዘን ሆነው አንዱ ክብ መሆኑን ያያል፤ ክቡ በኋላ የተተካው ነው።

በዶቨር ግን በሩ አልተከፈተም። በ1216 የፈረንሳዩ አልጋ ወራሽ ሉዊ በባሮኖቹ ተጠርቶ መጥቶ ዶቨርን ከበበ። ኮንስታብሉ ሂዩበርት ደ በርግ ነበር። ሉዊ የሰሜኑን በር ሥር አስቆፍሮ አንዱን ማማ ጣለ፤ ተከላካዮቹ ቀዳዳውን በእንጨት ደፍነው ያዙት። በኦክቶበር ጆን ሞተ። ሉዊም ጌታህ ሞቷል፣ ለማን ትይዛለህ ብሎ ላከበት። ሂዩበርት ከሰዎቹ ጋር ተማክሮ ንጉሡ ቢሞትም ልጆች አሉት ብሎ መለሰ። ይህ መልስ ቀላል እንዳይመስልዎት። የሹመት ደብዳቤው የወጣው በጆን ስም ነው፣ ማኅተሙም የጆን ነው። ሂዩበርት ግን አደራውን ከሰውየው ለይቶ ከዘውዱ ጋር አሰረው፤ ዘውዱ ደግሞ ያኔ በ9 ዓመት ልጅ ራስ ላይ ነበር።

ከሁሉ በላይ የምወዳት ኮንስታብል ግን ሴት ናት፦ የሊንከኗ ኒኮላ ደ ላ ሄይ። የሊንከን ግንብ ኮንስታብልነት በአባቷ በኩል የዘር ርስት ነበርና ወንድም ስላልነበራት ለእሷ ደረሰ። በ1191 ባሏ ሌላ ቦታ ሳለ የንጉሥ ሪቻርድ ዋና ሹም ዊሊያም ሎንግሻን ሊነጥቃት መጥቶ ለ40 ቀን ያህል ከበባት፤ አልሰጠችም። ከ25 ዓመት በኋላ፣ ባሏ ሞቶ እሷም ከ60 ዓመት በላይ ሆኗት፣ ጆን ወደ ሊንከን መጣ። በኋላ ዘመን በመንግሥት ምርመራ ላይ ምስክሮች እንደተናገሩት፣ ኒኮላ የግንቡን ቁልፎች በእጇ ይዛ በምሥራቁ በር ወጥታ ተቀበለችው። እነሆ ቁልፉ፣ እኔ አርጅቻለሁ፣ በዚህ ግንብ ብዙ ድካምና ጭንቀት አይቻለሁ፣ ከእንግዲህ አልችልም አለችው። ጆን ቁልፉን መለሰላትና ሌላ እስካዝ ድረስ አንቺው ያዢው አላት። በጭካኔው የታወቀ ንጉሥ ለአንዲት ባልቴት እንዲህ መናገሩ ሁልጊዜ ያስገርመኛል። ኦክቶበር 18 ቀን 1216 የአውራጃው ሸሪፍ እንድትሆንም ሾማት፤ በዚያው ሌሊት ሞተ።

ሊንከን ከተማው በዓማፅያንና በፈረንሳውያን እጅ ወደቀ። ግንቡ ግን በኒኮላ እጅ ቆየ። ክረምቱን አለፈች፣ ጸደዩም ገባ፣ ድንጋይ መወርወሪያዎች ግድግዳውን ሲደበድቡ አልከፈተችም። ሜይ 20 ቀን 1217፣ የልጁ ንጉሥ እንደራሴ የ70 ዓመቱ ዊሊያም ማርሻል ጦሩን ይዞ ደረሰና ከበባውን ሰበረ። ዓማፅያኑ በከተማው ጠባብ ቁልቁለት ተፈቱ፣ የሉዊ ተስፋም በዚያ ቀን ተሰበረ። ግንቡ ቀድሞ ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ ማርሻል የሚደርስለት ነገር አይኖርም ነበር። በአራተኛው ቀን የልጁ ንጉሥ መንግሥት ሸሪፍነቱን ከእሷ ወስዶ ለንጉሡ አጎት ለዊሊያም ሎንግስፔ ሰጠው፤ እሱም ግንቡን ያዘ። እሷም ዝም አላለችም፤ ተሟግታ ግንቡን አስመለሰች፣ እስከ 1226 ድረስም ያዘችው።

ስለዚህ የማግና ካርታው 50ኛ አንቀጽ ከአገር ይባረሩ ብሎ በስም ከጠራቸው የውጭ ተወላጆች አንዱ፣ ኤንጌላርድ ደ ሲጎኜ፣ በ1216 ዊንዘርን ለንጉሡ ሲከላከል ብናገኘው አይድነቀን። ንጉሡ፣ ሕዝብ ቢጠላውም በሩን ለጠላት የማይከፍት ሰው ይፈልግ ነበር። ሰላም ሲመጣ ደግሞ እንዲህ ያሉት ሰዎች ራሳቸው ችግር ሆኑ። ፎክስ ደ ብሬውቴ ግንቦችን መልስ ሲባል አልታዘዘም፤ ወንድሙ አንድ የንጉሡን ዳኛ አስሮ ቤድፎርድ ግንብ ውስጥ ዘጋበት። በ1224 ስምንት ሳምንት የፈጀ ከበባ ከተካሄደ በኋላ ከ80 የሚበልጡ ተከላካዮች ተሰቀሉ፣ ግንቡም ፈረሰ። በ1258 ባሮኖቹ ሄንሪ 3ኛን ሲቆጣጠሩ የንጉሡን ግንቦች ኮንስታብሎች ለውጠው፣ ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ ለማንም እንዳያስረክቡ ለ12 ዓመት አስማሏቸው። ንጉሡ ዙፋኑ ላይ አለ፣ ቁልፎቹ ግን የሉም።

ሦስተኛው ቅርንጫፍ፣ ወደ ፖሊስ የሚያደርሰው፣ ባጭሩ ይህ ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት ሰላም ለማስጠበቅና የሕዝቡን መሣሪያ ለማየት በየአካባቢው ሰው መሾም ተጀመረ፤ የ1285 የዊንቸስተር ሕግ በእያንዳንዱ ወረዳ ሁለት ኮንስታብል ሆነው በዓመት ሁለት ጊዜ መሣሪያ እንዲያዩ አዘዘ። በእሱ ሥር የየመንደሩ ኮንስታብል ነበረ፣ ሌባ የሚያሳድድ፣ ሌሊት ዘብ የሚያስቆም። በ1829 የለንደን ፖሊስ ሲቋቋም ይኸው አሮጌ ስም ለአዲሱ ሠራተኛ ተሰጠ። የእኛ ፖሊስ የሚጠቀምበት ማዕረግም ከዚህ ከእንግሊዝኛው ስም የመጣ ነው።

በር ስለመጠበቅ ለጠየቁት፦ ራሱ በር አይጠብቅም ነበር፤ በረኞች አሉት። ይሁንና በሩ ከእሱ ሥራ ሁሉ በታች ሆኖ አያውቅም። ወደ ኮንዊ ልመልስዎት። በ1401 የዌልስ ሰዎች በኦወይን ግሊንዱር መሪነት ተነሥተው ነበር። ጆን ማሲ የሚባለው ኮንስታብል በስቅለት ዓርብ፣ ኤፕሪል 1 ቀን፣ ሰዎቹን ይዞ ከተማው ውስጥ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ለጸሎት ሄደ። በሩ ላይ የቀሩት ሁለት ዘበኞች ብቻ ናቸው። አንድ አናጺ መጥቶ ሥራ አለኝ አለ። ከፈቱለት። ሁለቱ ዘበኞች ተገደሉ፣ ከኋላው የቱዱር ወንድማማቾች ሰዎች ገቡ፣ በሩም ከውስጥ ተቆለፈ። ኮንስታብሉ ከጸሎት ሲመለስ የራሱ ግንብ ውጭ ቆመ፤ ንጉሡም መልሶ ለማግኘት ወራት ፈጀበት።